አንበሳ ነው ሚዛን?

ደቻቱ ሲደርቅ አሸዋ ነው ሆዱ፤
ፍየሉም ባጃጁም በላዩ ሲሄዱ።
ግን ከሁሉ በፊት፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ፀሐይዋ ጅራፏን ሳትዘረጋ፣
አብዶሽ ቀድሞኝ ወርዷል፤ ባፉ መፋቂያ፣
"አቦ ዘገየሽ!" ነው የሰላምታው መጀመሪያ።
በብብቱ አንድ ዘንግ፣ ሰባት ቁጥር ብረት፣
በኪሱ ዘጠኝ ኳስ (ስምንት ሆነ ትናንት)።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ከፔዳል፣ ከክር።
አንገቴ ሲቆለፍ፣ "ተንቀሳቀሽ" አለኝ ሐኪሙ ሲጽፍ፤
እግሬም ወሰደኝ ወደ አብዶሽ ደጃፍ።

እሱ የተማረው በትከሻው ነው።
ባቡሩ በደጉ ዘመን፣ እሁድ እሁድ፣
ያንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ከረጢት ተሸክሞ፣
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላው ቆሞ፣
ስንት ሺህ ምት አየ፣ አንዲት ኳስ ሳይመታ!
ሰውየው ሲሄድ የሦስት ወር ዕዳ ነበረበት፤
አብዶሽ ይህን ብረት በደሞዙ ፈንታ
ወሰደ። "ያን ዕለት መታሁ" ይላል፣ "እዚሁ ቦታ።
በዓይኔ ሊቅ ነበርኩ፤ እጄ ግን መሃይም፤
አሸዋ ቃምኩ እንጂ ኳሷን አልነካኋትም።"

ለእኔ መጀመሪያ ያስተማረኝ አያያዝ።
"ካፊራ ገበያ ዘይቱን ስትመርጪ
በጣትሽ ዳስሺው እንጂ አታፍርጪ፤
ሻጯ እንዳትጮህብሽ፣ ብስሉም እንዳያመልጥሽ፣
እንዲያ ነው መጨበጥ። በቃ፣ የዛሬ ትምህርትሽ።"
ሦስት ሳምንት ሙሉ ኳስ የሚባል አልሰጠኝም።
ማታ በመጥረጊያ ስወዛወዝ አይታ
ልጄ ሳሎን ቆመች ከእንቅልፏ ነቅታ፤
"እማ፣ አይጥ ነው?"
"አዎ" አልኳት፣ "ተኚ።"

ኳሷ የመጣች ለት ጉዴ ፈላ።
መትቼ ሳልጨርስ አንገቴ ቀና ይላል፣
የት እንደደረሰች ለማየት ይቸኩላል፤
እሷ ግን እዚያው ናት፣ ወይ ሦስት ክንድ ፈቀቅ።
ሮብሌ ኳስ ለቃሚው፣ በኳስ አንድ ብር ተዋውሎ፣
አሸዋው ላይ ተጋደመ፣ "ዛሬም ሥራ የለ!" ብሎ።

አብዶሽ አልተቆጣም። ኪሱን ዳበሰና
አንዲት የብር ሳንቲም ከኳሷ ሥር አኖረና፣
"ምቺ። ከመታሽ በኋላ ይህን ብቻ ንገሪኝ፤
አንበሳ ነው ሚዛን? ሌላ አትጠይቂኝ።
ኳሷ መንገዷን ታውቃለች፤ ዓይንሽን አትፈልግም፤
ክር ስታስገቢ ቀዳዳውን እንጂ ቀሚሱን አታዪም።"

መታሁ። "አንበሳ ነው ሚዛን?" አላየሁም።
መታሁ። አላየሁም።
መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ፣ መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣
መቀስ መያዝ አቅቶኝ ደንበኛዬ ሁሉ አማረረ።
አንድ ቀን ዋሽቼ "አንበሳ" አልኩ በግምት፤
ለካ የለስላሳ ቆርኪ ነው ያኖረው ያን ዕለት።

ነሐሴ ገባ። የድሬ ሰማይ ጥርት ያለ፣
ጠብታም የለው። አብዶሽ ግን ድንገት ጆሮውን ጣለ።
"ውጪ!" አለኝ።
"ኳሶቹስ?"
"ተያቸው፣ ውጪ!"
ሮብሌን በክንዱ ጎትቶ ዳር ስንደርስ፣
"ደቻቱ መጣ!" ጩኸቱ ከሰፈር ሰፈር ሲዳረስ፣
ጎማ፣ ግንድ፣ ያንድ ቤት በር ከነመቀርቀሪያው
ውሃው እየነዳ አለፈ። ከዳር የቆመው ሰው
አንድም አልሳቀ። ይህ ወንዝ የሚችለውን ድሬ ታውቃለች።
ጣሳችን ሄደ፣ ሄደ ምልክታችን፣
ስድስት ወር የረገጥነው ያ መቆሚያችን።

በሳምንቱ ወረድን። ጉብታው ጉድጓድ ሆኗል፣
ጉድጓዱም ጉብታ፤ የማናውቀው ወንዝ ነው።
"ደግ አደረገ" አለ አብዶሽ፣ "የለመድሽውን ወሰደልሽ።"
አልመለስኩለትም፤ ተናድጄ ነበር።
ሦስት ኳስ ቀርታናለች። ሳንቲሙን አኖረ።

ዘይቱኑን ያዝኩ።
ዘንጉ ወጣ፣ ትንሽ ቆየ፣ ወረደ።
አዲስ ጣቃ ላይ መቀስ መጀመሪያ ሲነክስ
የሚለው አጭር ድምፅ አለ፤ እሱን ሰማሁ።
ሮብሌ ከሩቅ እየሮጠ ጮኸ፦
"የት ደረሰች? አየሻት? የት ደረሰች?"

እኔ አቀርቅሬያለሁ። ጭቃ ያዘለው ሳንቲም ላይ
ሁለት ጥቃቅን ሳህን፣ ከመሃል አንዲት ዘንግ።
"ሚዛን" አልኩት።
"ሚዛን ነው።"